በምርቃት መሃል የተነሣ ነፋስ

ወንዳፍራሽ ለካምፐር ቫኑ፣ ለዚያች አልጋ ላላት መኪናው፣ ከጎን የሚዘረጋ ሸራ የመረጠው እንደ ድግስ ድንኳን ነው። ሻጩ ቫኑን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ለዚህች ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃታል፤ ሸራዋ ቀላል ናት፣ ብቻህን ትጠቀልላታለህ» አለው። እሱ ግን «ሰው ቢመጣብኝስ?» ብሎ ባለአራት ሜትሩን አስገጠመ፣ ያውም ከነሸራ ግድግዳው። ለመሆኑ ካምፕ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነው? ቫኗ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ካለው ከአፓርታማቸው ፓርኪንግ ውጭ ያደረችው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሎንግ ቢች ባሕሩ ዳር፣ ባትሪዋ ሞቶ።

ዛሬ ግን ሸራው ሥራ አገኘ። ጋሼ ግርማ ሊመጡ ነው።

ጋሼ ግርማ ሚስቱን ናዝራዊትን ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በነወንዳፍራሽ ልጅ ክርስትና ላይ ጋሼ እየመረቁ ሳለ የወንዳፍራሽ ስልክ ጮኸ። ታክሲ ነጂ ነውና፣ የደወለው የኤርፖርት ተሳፋሪ ነበር፤ ብድግ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ምርቃቱን እዚያው ላይ ቆርጠው ከዘራቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲህ የናዝራዊትን ስልክ እንኳ አንሥተው አያውቁም። ስንት አማላጅ ተልኮ ነው ዛሬ እሺ ያሉት። ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ስለሆኑ ደረጃ አይወጡም፤ ስለዚህ ምሳው ፓርኪንጉ ላይ፣ ሸራው ሥር ይሁን ተባለ።

«ዛሬ ከተቀመጥክበት ንቅንቅ ትልና!» አለችው ናዝራዊት።

«ኦኬ፣ ስልኬንም አጥፍቻለሁ።»

«እኔ የምፈራው ስልክህን አይደለም፣ አንተን ነው።»

ወንዳፍራሽ እጀታውን አዙሮ ሸራውን ዘረጋ፣ ሁለቱን የብረት እግሮች አቆመ። አስፋልት ላይ ካስማ አይመታ፣ ገመዶቹን ከሁለት የጤፍ ከረጢት ጋር አሰራቸው። ፀሐይ ጋሼን እንዳታገኛቸው ብሎ ደግሞ በሁለት ወገን የሸራውን ግድግዳ ሰካ። ሻጩ፣ «ነፋስ ሲመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን አውልቅ፣ ከዚያ ሸራውን ጠቅልል፤ ሰው ተቀምጦበትም ቢሆን» ብሎት ነበር። ሰው ተቀምጦበት! ፈረንጅ ምን አለበት።

ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ሸዋረጋ ከበረንዳቸው አዩት።

«ወንዳፍራሽ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ አፍዎን በመልካም ይክፈቱ! እንግዳ ነው።»

«ድንኳን መስሎኝ እኮ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ነበር» አሉና፣ ሳይጠሩ ወረዱ።

ጋሼ ግርማ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ናዝራዊት ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች። ወንዳፍራሽ ሲያጎነብስ «እ» ብቻ አሉት። ከፊተኛው የብረት እግር አጠገብ ወንበር ቀረበላቸው። ምግቡ መጣ። «ከመቁረሳችን በፊት» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቤታችሁን ይባርክ።»

«አሜን!»

«የወለዳችሁትን ለቁም ነገር ያብቃ።»

«አሜን!»

ያን ጊዜ ነው የጥቅምቱ ነፋስ ከበረሃው በኩል የመጣው። መጀመሪያ አቧራ አነሣ። ቀጥሎ ግድግዳው እንደ ተነፋ ፊኛ አበጠ፣ ከቫኑ ጣሪያ ላይም ብረት ሲጥ አለ። ወንዳፍራሽ መዳፉን እንደዘረጋ ዓይኑን ወደ ገመዱ ላከ። የጤፉ ከረጢት አንድ ስንዝር ተንሸራትቷል። ናዝራዊትን አያት። ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። እንዳትሞክራት ማለቷ ነው።

«ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት ይሰውራችሁ።»

«አሜን!» እትዬ ሸዋረጋ ከሁሉም በላይ ጮኹ።

ጋሼ ግርማ ሲመርቁ አይቸኩሉም። ገና ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተሻገሩ ነው። ወንዳፍራሽ ገመዱንና የሽማግሌውን ፊት እያፈራረቀ አየ። አሁን ቢነሣ ሽማግሌው ዳግመኛ ይህን ደጅ አይረግጡም፤ ናዝራዊትም አባት የሆናትን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ታጣለች። ባይነሣስ? በልቡ «ማርያም፣ ትንሽ አሳጥሪልኝ» አለ። አላጠረም። የብረቱ እግር ከአስፋልቱ ብድግ አለና ከጋሼ ግርማ ጆሮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይወዛወዝ ጀመር።

ተነሣ።

«ወንዳፍራሽ!» አለች ናዝራዊት በጥርሷ መሃል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ዛሬም?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለና ከነወንበራቸው አቀፋቸው።

«አስቀምጠኝ! አንተ ሰው፣ አስቀምጠኝ ብያለሁ!» ከዘራቸው ትከሻው ላይ አረፈ። ናዝራዊት ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ብረቱን አየችው፤ ጩኸቷን ዋጠችና የወንበሩን ሌላ ጎን ያዘች። እትዬ ሸዋረጋ አስቀድመው ወጥተዋል። አራት እርምጃ ተራመዱ፣ አምስት።

ነፋሱ ሸራውን ገንጥሎ በቫኑ ጣሪያ ላይ ገለበጠው። አንደኛው የብረት እግር ተመዝዞ ወንበሩ በነበረበት ቦታ አስፋልቱን መታ፤ የምግቡ ትሪ ተገለበጠ፣ ከረጢቱ ፈነዳ፣ ጤፉ እንደ ጭስ ተነሣ።

የሕንፃው ግድግዳ ጥግ ከነወንበራቸው አስቀመጧቸው። ናዝራዊት ተንበርክካ ዳሌያቸውን፣ እጃቸውን ዳሰሰች። ጋሼ ግርማ ብረቱን አዩ፣ የወደቀበትን ቦታ አዩ፣ ጤፍ የለበሰውን አማቻቸውን አዩ። የከዘራቸውን ጫፍ ወደ እሱ ቀሰሩ።

«ና፣ እዚህ ጠጋ በል። ከዚያ ሸራህ ራቅ።»

ጠጋ አለ።

«ምርቃቱን የት ደርሼ ነበር?»

ወንዳፍራሽ ከወንበራቸው ሥር ተንበረከከ። ጤፍ የለበሱ መዳፎቹንም ዘረጋ።