የወንድሟ ፊርማ

“ተከሳሹን ያውቁታል?” አሉ ዳኛዋ።

“አሳድጌዋለሁ” አለች የስፌት ሠራተኛዋ።

ችሎቱ በጉርምርምታ ተሞላ። ተከሳሹ ቀና ብሎ አላያትም። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የፋብሪካ ሒሳብ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው፤ በእናቱ ቤት ግን ዛሬም ስሙ ማሙሽ ነው።

እሷ በዚያው ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታለች። ማሙሽ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የፋብሪካውን ኪሳራ ትርፍ አስመስሎ ጽፏል። ሠራተኞቹ ትርፍ አለ ሲባሉ ለጡረታ ያጠራቀሙትን አውጥተው አክሲዮን ገዙ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ታሽጎ ጠበቃቸው።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ “ያለሽ አንድ ወንድም ነው። ምላስሽን ያዥልኝ” ብላት ነበር።

“የደረሰብዎትን ይንገሩን” አሉ ዳኛዋ።

“የኔስ ይቅር። ቁልፍ የምትተክል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። ‘አክሲዮኑን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?’ ብላ አማከረችኝ። ‘ሒሳቡን የፈረመው እኮ ወንድሜ ነው፣ ምን ያሰጋሻል?’ አልኳት። ገዛች። ፋብሪካው ሲዘጋ የኩላሊት ሕክምናዋን የምትከፍልበት አጣች። በሰባተኛው ሳምንት ቀበርናት።”

የተከሳሹ ጠበቃ ብድግ አለ። “ለመሆኑ ወንድምዎን ይቅር ብለውታል?”

“በኔ በኩል ብዬዋለሁ። በእሷ በኩል ይቅር የምለው ግን እኔ ማን ሆኜ ነው?”

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ወንጀል ከሁለት ዓመት እስራት አያልፍም ነበር። ስንቱ ቤት ከፈረሰ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ማሙሽ የመጨረሻውን ሪፖርት የፈረመው አዲሱ ሕግ በጸና በአራተኛው ወር ነው። አስራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የስፌት ሴቶች አጨበጨቡ፤ ወዲያው እሷን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ ለአፍታ እንዲያናግራት ፈቀደለት።

“ምን ነካህ፣ ማሙሽ?” አለችው። “ምን አጣህ?”

“ሥራ አስኪያጁ ‘ብድሩ እስኪለቀቅ ለአንድ ሩብ ዓመት ብቻ’ አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።” በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊቱ አንስቶ ዓይኑን ጠረገ። “እታለም፣ አልቀየምሽም። በምን አፌ! ግን ለእማዬ ሁለት ዓመት በያት። ሁለት ከሆነ ትጠብቀኛለች። አስራ አንድ ከሰማች ትሞትብኛለች።”

“ማሙሽ…”

“በሞቴ! ሁለት በያት።”

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲታጠፍ ዞሮ ሁለት ጣቱን አሳያት።

በአውቶብስ ተሳፍራ መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ አለፈችው፤ በእግሯ ተመለሰች።

እናቷን በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ጠዋት የቀረበላት ሻይ እንደተከደነ ነበር። ሰማንያ ሊሞላት አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን እንደ ልጅ ነው።

“ስንት አሉት?”

ልጅየዋ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

“አንድ ዓመት ነው አይደል? ሁለት ቢሆንም ግድ የለም፣ እጠብቀዋለሁ። እስከዚያ አልሞትም። ሁለት ነው?”

አዎ ብትል በቂ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። እናትየው ከወዲሁ ፈገግ ለማለት ከንፈሯን አዘጋጅታለች።

ልጅየዋ ባንድ እግሯ ጫማ እንዳደረገች መሬት ላይ ተንበረከከች፤ የእናቷን ሁለት እጆች ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው።

“አስራ አንድ ነው፣ እማዬ” አለች።