ዘጠና አንድ ወይስ ዘጠና ሰባት

ማራኪ ቪዲዮውን ለአራተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። ጭቃ በሸፈነው ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠና አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ዘጠና ሰባት ብላ መዝግባዋለች። የቀሩትንም ቪዲዮዎች ከፍታ አየች። በዚያ ዝናባማ ጨዋታ ኳስ ወርዋሪውን አራት ጊዜ የጣለው ዘጠና አንድ ነበር።

የምትሠራው ሽሊረን በምትባል የአውሮፓ ከተማ፣ በመጋዘኖች መሃል ባለ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ፉትቦል እያየች የተከላካይ መስመር ተጫዋቾችን ሥራ ትቆጥራለች፤ ማን ስንት ሳክ አገኘ፣ ማለትም ስንት ጊዜ ኳስ ወርዋሪውን ሳይወረውር ጣለው፣ ማንስ በሁለት ሰው ተይዞም ቢሆን አስጨነቀው። ከቁጥሩ ደረጃ ይወጣል። ጄኔቭ ያለው የተጫዋቾች ወኪልም ደረጃውን አይቶ፣ ለአንድ የአውሮፓ ክለብ ዘጠና ሰባትን መርጧል። ውሉን የሚልከው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ተነሥታ ወደ እዮብ ቢሮ ገባች። እዮብ አለቃዋም የእህቷ የዲቦራ ባልም ነው። ሥራውን ያስገኘላት እሱ ነው፤ የምታድረውም እነሱ ሳሎን ነው።

"ጋሽ እዮብ፣ ተሳስቻለሁ። አራቱ ሳኮች የሌላ ልጅ ናቸው። አንደኛ መውጣት የነበረበት እሱ ነው።"

እዮብ በሩን ዘጋ። "ለማን ነገርሽ?"

"ላንተ ብቻ።"

"በቃ፣ እዚሁ ይቅር።"

"ልጁ ኮሌጅ ጨርሷል እኮ። ሌላ ዕድል ላያገኝ ይችላል።"

"ስሚኝ ማራኪ። በጥቅምት ስትሳሳቺ ዳይሬክተሩ ምን አለ? ሁለተኛ እንዳይደገም አላለም? ያን ጊዜ 'እኔ አለሁላት' ብዬ ያዳንኩሽ እኔ ነኝ። ሥራው ከሄደ አውስዋይስሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ እንዴት ይታደሳል?"

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ሳትቀመጥ ስልኳ ጠራ። ዲቦራ ነበረች፤ እዮብ ነግሯታል።

"እህቴ፣ በናትሽ ተይው። ስሙን አጥፊበት ብዬ ነው ያመጣሁሽ?"

"እሱ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ለማታውቂው ፈረንጅ ብለሽ ነው?"

"አውቀዋለሁ" አለች ማራኪ። "አሥራ አንድ ጨዋታ አይቼዋለሁ። የጣለውን ሰው ሳያነሣ አይሄድም።"

ዲቦራ ስልኩን ዘጋችው።

ማራኪ ምሳ አልበላችም። በመስኮቱ በኩል የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። ከዚህ ብትባረር የምትገባበት ቤት የእዮብ ቤት ነው፤ ዝም ብትልም የምትገባው እዚያው ነው።

ሰዓቷን አየች። ወኪሉ ውሉን ሊልክ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

ለዳይሬክተሩና ለወኪሉ ኢሜይል መጻፍ ጀመረች። የቪዲዮውን ደቂቃዎች አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ የተስተካከለውን ሰንጠረዥ አያያዘች፤ ስሕተቱ የእሷ መሆኑን ጻፈች። ልትልከው ስትል እጇን መለሰች። በመስታወቱ ማዶ እዮብ ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል።

ከታች አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች። "አቶ እዮብ ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ነገር የለም።"

ከዚያ ላከችው።