የሰዲቅ ካሮት

«አብሽሪ፣ ማሳውም አልተረሳም። ጎረቤቶቻችን እነአሊዪ ውሃ እየለቀቁለት ነው» አለች የሟቹ የሰዲቅ እህት ሐጂራ፣ የዓሊያን ጉልበት እያሻሸች።

ዓሊያ ቀና አለች። «የቱን ውሃ?»

«የቦዩን ነዋ! ሌላ ምን ውሃ አለ?»

ዓሊያ ከምንጣፉ ተነሳች። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩዋት። የአባቷ የለቅሶ ተዚያ ሳያልቅ ወደ ማሳ የምትሮጥ ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ ማን አይቶ ያውቃል? «ያዟት፣ ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጥቶ ነው» አለች አንዷ። ዓሊያ ጫማ እንኳ አላጠለቀችም።

ቦዩ አሮጌ ባትሪ ከሚቀለጥበት ግቢ ሥር ያልፋል። አባቷ ሰዲቅ አምና ካሮቱን አስመርምሮ እርሳስ የሚባለው መርዝ ሲገኝበት፣ ሊገዙት የመጡትን የጀውሃ ነጋዴዎች «አትግዙኝ» ብሎ መለሳቸው። እነሱም ከማንም መግዛት አቆሙ፤ መንደሩ ጥርሱን ነከሰበት። ካሮቱ እኮ ክንድ ያህላል፣ ቅጠሉ አልጠወለገ!

«ክፋቱ እሱ ነው» ይላት ነበር አባቷ። «ተክሉ መርዙን ይችለዋል። ሥሩ ውስጥ ይዞት ያምርብሻል። የማይችለው የሚበላው ልጅ ነው።»

ከዚያ ጉድጓድ ቆፈረና በጉድጓድ ውሃ ብቻ አዲስ ካሮት ዘራ። ሲደርስ ከጎረቤቶቹ ካሮት ጋር አስመርምሮ ልዩነቱን ሊያሳያቸው ነበር። ሊነቅለው ትንሽ ሲቀረው ባጃጅ ተገልብጦ ገደለው። አሁን ጎረቤቶቹ፣ በሐዘን ቤት ወግ፣ ማሳውን በዚያው በቦዩ ውሃ ያጠጡለታል። ክፋት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገባት።

ስትደርስ አሊዪ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፤ ውሃው የመጀመሪያውን መደብ ይዟል።

«ዝጉት!»

«ልጄ፣ የወዳጃችን ማሳ ሲደርቅ ዝም ብለን እንይ?»

«በሕይወቱ የተጠየፈውን ውሃ ሲሞት ያጠጡታል ጋሼ?»

አሊዪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ አረፈ። ይሄ ወሬም አብሮት ይረፍ። ለገበያችንም ይበጃል።»

«አያርፍም!»

አካፋ አልያዘችም። ከነሐዘን ልብሷ ውሃው በሚገባበት አፍ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ውሃው ወገቧን መታና ወደ ቦዩ ተመለሰ። በሁለት እጇ ጭቃ እየዛቀች ግራ ቀኟን ደፈነች። የረዳት የለም፤ ሊያስነሳት የደፈረም የለም።

ደፍና ስትጨርስ ውሃው ወዳልነካው መደብ ሄደች። አንድ ካሮት ነቅላ በሻሿ ጫፍ አፈሩን ጠረገች፣ ገመጠችም። እያኘከች እንባዋ ወረደ። የአባቷ ልፋት ጣፋጭ ነበር። የቀረውን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ለአሊዪ ዘረጋች።

«የአባቴን ይቅመሱ።»

አሊዪ አካፋውን እንደያዘ ቆመ። እሷም የዘረጋችውን እጅ አልመለሰችም።