ለሩት የማይሆን ሼል

ካዛንቺስ ያለው መሥሪያ ቤት የገባሁት በአቶ ሃብተአብ ነው። የክፍላችን ኃላፊ፣ የአባቴ የቂርቆስ ማኅበርተኛ ናቸው። ቋሚ ለመሆን አሥር ቀን ሲቀረኝ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ዮሃና፣ ያንን ባለ ቀለሙን ሼል ለሩት አድርጊልኝ። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ እንዲህ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲያዩት ምን ይላሉ?»

ሩት ሰርቨሩ ላይ ሁሉን የሚችለው አካውንት ነው፤ ሼል ደግሞ ገብተን ትዕዛዝ የምንጽፍበት ፕሮግራም። ሌላው ሁሉ ሲበላሽ የምንገባው በሩት ስለሆነ፣ የሱ ሼል ተራው፣ ከዋናው ዲስክ ጋር አብሮ የሚነሳው መሆን አለበት። ባለ ቀለሙ የተጫነው ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ዲስክ አልነሳ ካለ እኮ በሩት መግባት አንችልም። ማለቴ፣ የእርስዎ አካውንት ላይ ላድርገው፣ በቃ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያስገባሁሽ እንድታስተምሪኝ ነው?»

ሌላ አለቃ ቢሆን «በጽሑፍ ይስጡኝ» እል ነበር። የአባቴን ማኅበርተኛ ምን ብዬ? ይሉኝታ ይዞኝ ቀየርኩት። ደደብ ነኝ፤ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ረቡዕ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለተኛው ዲስክ አልነሳም። የሩትን የይለፍ ቃል አስገባሁ። ሰርቨሩ ተቀበለው፤ ሼሉን ሲያጣው ግን መልሶ አስወጣኝ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። በፍላሽ አስነስቼ ተራውን ሼል እስክመልስ ድረስ ባለጉዳይ ኮሪደሩን ሞልቶ ሲሰድበን ዋለ።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ማን እንደቀየረው ሲታይ የኔ ስም ወጣ። አቶ ሃብተአብን አየኋቸው።

«ልጅ ናት፤ ሳትጠይቀኝ ነው ያደረገችው። እባካችሁ አትጨክኑባት» አሉ።

ላንቻ፣ ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አመነኝ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ አምኖኝ እያለ፣ «ቢሆንም ትልቅ ሰው ነው፤ ይቅርታ ጠይቂው» አለኝ።

እሑድ ማኅበሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። ማኅበርተኛው በሙሉ መረቀኝ፤ አባቴም ደስ ብሎት ጠላ ቀዳላቸው።

ሰኞ ጠዋት «ለቋሚነት ብቁ ሆና አልተገኘችም» የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። የፈረሙት አቶ ሃብተአብ ናቸው፤ የተጻፈው ዓርብ ነው።

ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀኑን ደጋግሞ አነበበ፤ አጥፎ መለሰልኝ።

«ለማኅበሩ ሰው እንዳትነግሪ» አለኝ።