ከዲማ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጣት

ዓለምን የሳልኋት በስምንት ዓመቴ ነው። ብዙ ጊዜም አልፈጀችብኝም፤ ከቁርስ እስከ ምሳ አለቀች። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሴት ይህን ሳወራ ማፈር ይገባኝ ነበር። ግን ምን ልበል፣ እንደዚያች ያለች ሁሉ ነገር በቦታው የሆነላት ዓለም ከዚያ ወዲህ አላጋጠመችኝም።

አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ ዲማ ውስጥ ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ከዳዊት ገጽ ተቆርጦ የሚተርፈውን ጠርዝ ለእኔ ይሰጡኛል፤ ቀለም ግን አይሰጡኝም፣ እኔው እወስዳለሁ። በዚያ ብራና ላይ ዓለምን እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ክብ አድርጌ ሳልኋት። ከቤተ ክርስቲያን የሚበልጥ ነገር አይቼ አላውቅም ነበርና እግዚአብሔር ዓለምን በሌላ መልክ የሚሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

መካከል ላይ መቅደሱ አለ፤ እዚያ ኢየሩሳሌምን፣ ዲማንና ቤታችንን አስገባሁ። ቀጥሎ ባለው ክብ፣ በቅድስቱ፣ አምበርና ደብረ ማርቆስ ተቀመጡ። በሦስተኛው ክብ፣ በቅኔ ማኅሌቱ፣ አዲስ አበባና ግብፅ ቆሙ፤ ግብፅን ያስገባኋት ጳጳስ የሚመጣው ከእሷ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። በየክቡ በር በር አወጣሁለት። ሐዋርያት ዕጣ ተጣጥለው የሄዱባቸውን አገሮች የት እንዳሉ ስለማላውቅ ዐሥራ ሁለት ቀይ ነጥብ አድርጌ በተንኋቸው። ሁሉንም አባይ እንደ ቅጽር ከበባቸው። አባይ ጎጃምን እንደሚከብ ማንም ያውቃል፣ እኔ ትንሽ አሰፋሁት እንጂ።

ሮምን ከቅጽሩ ውጭ ተውኋት። ጣሊያኖች ዓርብ ዕለት ዕንቁላል እንደሚበሉ አክስቴ ማሬ ነግራኛለች፤ ዓርብ ዕንቁላል የበላ ሰው ደግሞ ከቅጽር ውጭ ነው የሚቆመው። ቅርብ ለመሆኗም አልተጠራጠርሁም። በደጀን በኩል አባይን ተሻግረው አይደል የመጡት፤ ከማዶ ቢጣሩ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

መጻፍ ገና ስለማልችል አገሩን ሁሉ ያለ ስም በጥቁር ነጥብ አመለከትሁ፤ ርቀቱን ሁሉ የለካሁት በሌባ ጣቴ ነው። ከዲማ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጣት ሆነ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። አባባ ጽፈው የጨረሱትን ዳዊት ለባለቤቱ ለማድረስ ወደዚያ ሊሄዱ ሲነሡ ጭንቅ ያዘኝ። እኔ እስከማውቀው ከዲማ ርቀው ሄደው አያውቁም። ቢጠፉስ ብዬ ካርታዬን አጠፍሁና ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ፣ ከመጽሐፉ ሥር ከተትሁላቸው። መንገዱ ሲጠፋባቸው ያገኙታል ብዬ ነበር። ያገኘው የኬላው ዘበኛ ነው።

በስድስተኛው ቀን አብሯቸው የሄደው ጎረቤታችን ደምለው ብቻውን ተመለሰ። እናቴ ሥራነሽ ፊቱን አይታ ተቀመጠች።

«መሪጌታን አስረዋቸዋል» አላት። «ከማኅደራቸው የጣሊያኖቹ ምሽግ ንድፍ ተገኘ። ሦስቱ ዙር ሽቦ፣ በሮቹ፣ ዐሥራ ሁለቱ ዘበኞች ሳይቀሩ በቀይ ቀለም ተነጥበዋል። ለአርበኞች ሊያቀብሉ ነው አሉ። የሳለውን ሰው እስከ እሑድ ካልተናገሩ ይሰቀላሉ።»

ዐሥራ ሁለት ሲል የእኔ ካርታ መሆኑን አወቅሁ። ከምሰሶው ጀርባ ወጥቼ፣ «ዘበኞች አይደሉም፣ ሐዋርያት ናቸው» አልሁ።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን፣ «ነጠላሽን ልበሽ» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ኮረብታ ላይ ስንደርስ የደረስን መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። እናቴ «ገና ነው» ማለት ሰለቻት። አምበር ስናድር እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ዓለሜ ስሕተት መሆኗም ያኔ ገባኝ። ስለ አባባ እያለቀስሁ መሀል ላይ ስለ ካርታዬም ትንሽ አለቀስሁ።

ምሽጉ በር ላይ የተቀበለን አስተርጓሚው ኃይለ ሚካኤል የሚባል የሐማሴን ሰው ነበር። እናቴ ጉዳዩን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም ቤተ ክርስቲያን ይመስላል ብዬ ለጣሊያኑ ካፒቴን ነግሬው ነበር፤ አንተም ያው ሐበሻ ነህ አለኝ። መሪጌታ ደግሞ እኔ ነኝ የሳልሁት ይላሉ። እስቲ ድገሙት ሲባሉ ክባቸው እንደ ሳንቲም የተስተካከለ ሆነ፤ የብራናው ግን ጠማማ ነው። ካፒቴኑ ሌላ ሰው እየደበቁ ነው ብሏል። እሱማ እየደበቁ ነው» አለና ወደ እኔ ተመለከተ።

ካፒቴኑ ፊት አስገቡንና አባባን እጃቸውን እንደታሰሩ አመጧቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። እኔን ሲያዩ ወደ ካፒቴኑ ዞሩ።

«ልጅቱን ተዋት፤ የሳልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ካፒቴኑ አልሰማቸውም። ወረቀትና እርሳስ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ኃይለ ሚካኤልም፣ «ያንኑ ካርታ ሳዪለት። ካመሳሰልሽው አባትሽን ይለቃቸዋል» አለኝ።

ክቦቹን አጣምሜ ሳልኋቸው፤ ያ አልቸገረኝም። ደብረ ማርቆስ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ በእግሬ ሄጄ፣ ውኃ የቋጠረው እግሬ እየነደደኝ፣ እንዴት አድርጌ አንዲት ጣት ልበል? ቀለም እሰርቃለሁ እንጂ አልዋሽም ነበር። ደብረ ማርቆስን ወረቀቱ ጫፍ ላይ ወስጄ አስቀመጥኋት።

ካፒቴኑ ብራናውን ከወረቀቱ ጎን ዘርግቶ አየ። ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። ኃይለ ሚካኤል የተናገረውን አልተረጎመልንም፤ እናቴ ግን ከፊቱ አንብባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የብርጓል» ብለው በስሜ ጠሩኝ አባባ ቀስ ብለው። «ደብረ ማርቆስ አንዲት ጣት ነው፣ ልጄ።»

«አይደለም አባባ፣ ሁለት ቀን ነው። ሄጄበታለሁ።»

«እኔም ሄጄበታለሁ። አንዲት ጣት ነው።»

ዓይናቸውን ሳይ ገባኝ። አባቴን የሚያስገድለው ትናንት የተሳሳትሁት ሳይሆን ዛሬ ያወቅሁት ነው። ወረቀቱን ገልብጬ እንደገና ጀመርሁ። ጣቴን ከዲማ ላይ አጋድሜ ጫፉ የደረሰበት ቦታ ደብረ ማርቆስን ነጠብሁ። ከዚያም አምበርን፣ ግብፅን፣ ሐዋርያትን ሁሉ እንደ ቀድሞው ሰደርኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሳሳት የከበደኝ ጊዜ የለም።

ካፒቴኑ እጄን ያዘ። ሌባ ጣቴን ብራናው ላይ አጋደመው፤ ከዲማ እስከ ደብረ ማርቆስ ልክክ አለ። አባባን አስቀርቦ የእሳቸውን ጣት ሞከረ፤ እሱ ሁለቱንም ከተሞች ሸፈናቸው። ሳቁን ለመያዝ ሲሞክር በአፍንጫው አመለጠው።

ሁሉም አበቃ ስል ከቅጽሩ ውጭ ያለችውን ነጥብ ጠቆመና ምን እንደሆነች ጠየቀ።

«ሮም» አልሁ። ለምን ውጭ እንደቆመችም ዓርብንና ዕንቁላሉን ጨምሬ በደንብ አስረዳሁ። እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬ ኃይለ ሚካኤል የተረጎመው ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው። ካፒቴኑ ደረቱን ነፋ፤ አባባንም ፍቱት አለ። ብራናዬን ግን አስቀረው።

«ምን ብለህ ነገርኸው?» አለች እናቴ ኃይለ ሚካኤል በሩ ድረስ ሲሸኘን።

«ሮም በር ላይ ቆማ ዓለምን ትጠብቃለች ብላለች አልሁት» አለና ፊቱን አዙሮ ገባ።

ከከተማው ወጣ ስንል አባባን፣ «ለምን ልጄ ናት የሳለችው አላሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዲያመጡሽ? ቤት ስትስዪ ሮምን የት እንዳቆምሻትም አይቼ ነበር» አሉና አነሡኝ። የገመዱ ሰንበር የእጅ አንጓቸው ላይ ገና ትኩስ ነበር። አንገታቸው ሥር ገብቼ እያለቀስሁ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ።

አድጌ አስተማሪ ስሆን ትልቁን የማተሚያ ቤት ካርታ ግድግዳቸው ላይ ሰቀልሁላቸውና የደብረ ማርቆስን መንገድ በኪሎ ሜትር ቆጥሬ አሳየኋቸው። አመስግነው መረቁኝ። መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ ደብረ ማርቆስ ሩቅ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ግን መስማቴን አየት አድርገው ያረጋግጡና፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ «ኧረ አንዲት ጣት ነው» ይሉት ነበር።