ባሌስትራው እስኪቀመጥ

በኛ በኩል መኪና በሚዛን አይጫንም፣ በዓይን ነው። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ማሳ ድረስ ገብቶ ሽንኩርት የሚያወጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጫኚዎቹ ኩንታል አይቆጥሩም። አለቃቸው ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ይልና ባሌስትራውን ያያል። ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች እንደ ቅንድብ ጎበጥ እንዳሉ ከሆነ "ጨምር" ይላል። ጭነቱ ተጭኗቸው ቀጥ ብለው ከላያቸው ያለችውን የላስቲክ ማረፊያ ሲነኩ ደግሞ "ተቀመጠ፣ ይበቃል" ይላል። በቃ፣ ይታሰርና ይነዳል። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለም እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። ዓይን አይዋሽም እል ነበር።

ስሜ ገሠሠ ነው። አዳማ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ሚስቴ ቀድማኝ ስለሄደች ልጄን ሉሊትን ያሳደግኳት እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ በቅባትና በብረት መሃል ነው። በአምስት ዓመቷ መጀመሪያ ያስተማርኳት ፊደል አይደለም፤ መኪና ሲቆም እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ነው። ከባሕር ዛፍ ግንድ በእጇ ልክ ጠርቤ ሰጠኋት። የሌላ ሰው ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ እሷ ታኮዋን አቅፋ ትዞር ነበር። ስታድግ ተለቅ ያለ ጠረብኩላት። ታኮ የረሳ ሹፌር ስታይ ቁጣዋ ቁርጥ የኔ ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ለትዳር ብረት መዝጊያ የሆነ ቤት ነበር የተመኘሁላት። እሷ ግን ምልኬሳን ይዛልኝ መጣች። የቡልቡላ ልጅ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሀብቱ አንዲት አሮጌ ፎርዊል ፒካፕ። እሷ ሽንኩርቱን መርጣ ትገዛለች፣ እሱ ይነዳል። ረዳት የላቸውም፤ ረዳቱ እሷው ናት። እውነቱን ልናገርና ልጁን አልወደድኩትም ነበር። ምንም አላጠፋም። ዝም ማለቱ ነው የሚያናድደኝ፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ በሆዱ የሚንቀኝ ይመስለኛል።

ከቡልቡላ ወንዝ ዳር ማሳ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ አንድ ዳገት አለ። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ከበስተኋላ ወንዙ ይታያል። ጥር ላይ እዚያ ዳገት መሃል የግራው ባሌስትራ ዋናው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ሉሊት ጠራራ ፀሐይ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ቁጭ አለች። መኪናዋን ጎትተው አዳማ ሲያደርሷት ምልኬሳ ወደኔ ቀረብ ብሎ፣ "አባባ፣ ብረቱ ደክሞት ነበር መሰለኝ" አለኝ።

ያን ባሌስትራ ያደስኩት እኔ ነኝ። እንደ ስድብ ቆጠርኩበት። ሠራተኞቼ እየሰሙ "ከእንግዲህ ይሄ መኪና ባሌስትራ ከሰበረ ስሜን ቀይሩት!" ብዬ ጮህኩ።

በማግሥቱ አብዱልመናን ዘንድ ሄድኩ። መለዋወጫ ይሸጣል፣ ሠላሳ ዓመት እየተሰዳደብን ተዋደናል። ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ለዚያው ፒካፕ የተሠራ ነው፣ ባለ ስድስት ብረት፣ አዲስ። ሁለተኛው ቱሪስት የሚያመላልሱ ሰዎች የሚወዱት ነው፣ ረጅምና ለስላሳ፤ ኮረኮንች ላይ ሰው አያንገጫግጭም፣ ጭነት ሲያይ ግን ቶሎ ይተኛል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ሸራ ለብሷል። ሸራውን ገለጥኩት። አሥር ብረት፣ ወፋፍራም፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ።

"እሱን አትየው" አለኝ።

"ለምን?"

"የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ለሚሸከሙ መኪኖች የመጣ ነው። ማሽን ዛሬም ነገም ያው አንድ ክብደት ነው፣ የሚጨምርበት የለም። ለጭነት መኪና ሸጬው አላውቅም። ባሌስትራው ይችላል እንበል፤ ፍሬኑስ? ጎማውስ? እነሱ እኮ የድሮዎቹ ናቸው።"

"እኔ ባሌስትራ ነው የጠየቅኩህ፣ ስብከት አይደለም።"

"ገሠሠ፣ አንደኛውን ውሰድ። ለልጆቹ የሚሆናቸው እሱ ነው።"

"እሱማ ይሰበራል።"

"ይሰበራ! ሲበዛበት ቀድሞ ይጮሃል፣ ሰምተህ ታወርዳለህ።" እጁን ጥግ ላይ ወዳለው ብረት ዘረጋ። "ይሄኛው አይጮህም።"

ሰው ሲመክረኝ ጆሮዬ ይደፈናል፣ አመሌ ነው። የማስበው ልጄ ዳግመኛ ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጥ ነበር። ከዚያም ይልቅ፣ ምን ልደብቅ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ ዳግመኛ "ደክሞት ነበር" እንዳይለኝ ነበር። አሥሩን ብረት አስጭኜ ወጣሁ። አብዱልመናን እንደ ወትሮው ሰድቦ አልሸኘኝም።

ሁለት ቀን ፈጀብን። ታስሮ ሲያልቅ ባዶዋ መኪና ከኋላዋ ብድግ ብላ ቆመች። ሉሊት ሳቀች፤ "አባዬ፣ ሊዋጋ የተነሣ ወይፈን አስመሰልካት እኮ!" አለችኝ። ምልኬሳ አልሳቀም። ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

"አባባ፣ በስንት ኩንታል ነው የሚቀመጠው?"

ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን አላውቀውም። አሮጌው በአሥራ ሁለት ይቀመጥ ነበር፤ ይሄኛውን ማንም ጭኖት አያውቅም። "አላውቅም፣ ቆጥራችሁ ጫኑ" ማለት ነበረብኝ። በሠራተኞቼ ፊት፣ ለሱ፣ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

"ጫኚዎቻችሁ ዓይን የላቸውም እንዴ? ሲቀመጥ ታየዋለህ። እስኪቀመጥ ጫኑ!"

"እሺ አባባ" አለ፣ ጎንበስ ብሎ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሉሊት ጋቢና ገብታ በመስኮት ታኮዋን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፣ አልረሳሁም ለማለት ነው። ወጡ። ባዶዋ መኪና አስፋልቱ ላይ ኳ፣ ኳ እያለች ስትዘል ድምፅዋን እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰማሁት። ለራሴ "አዲስ ብረት እስኪገራ ነው" አልኩት። ምሳ ግን አልበላ አለኝ፣ ሰሐኑን እንዳለ መለስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሉሊት ፎቶና የድምፅ መልእክት ልካለች። ፎቶው ላይ የጫኚዎቹ አለቃ ኑዕማን ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አውራ ጣቱን አቁሟል። ሃያ ዓመት መኪና ያስጫነ ሰው ነው፣ የሱን ዓይን ማንም አይጠራጠርም። ድምፁን ከፈትኩት።

"አባዬ፣ ጉድህን ስማ! አልቀመጥ ብሏቸው ጫኚዎቹ ላብ በላብ ሆኑ። አሁን ገና ተቀመጠ። ኑዕማን እንዲህ ያለ ባሌስትራ አይቼ አላውቅም ይላል።"

ከጀርባዋ "ጋሪዳ! ጋሪዳ!" ይላል ኑዕማን፣ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

ኮራሁ። ሠራተኞቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። አሥሩ ብረት ቀጥ ብሎ የላስቲክ ማረፊያዋን መንካቱን ላሳያቸው ፎቶውን አጎላሁት። ጣቴ ሲንሸራተት ፎቶው ወደ ታች ወረደና ጎማው መጣ። ጎማው መሬት ላይ እንደ ሊጥ ተንሰራፍቷል። ወደ ላይ ገፋሁት። አንድ አንድ ኩንታል የሚይዘው ኬሻ ከጋቢናው በላይ ሦስት ረድፍ ወጥቷል። በዚህ በኩል የሚታየውን ኬሻ ብቻ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አራት ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ።

ዓይን አልዋሸም። ኑዕማን ሁልጊዜ የሚያየውን ነው ያየው፤ ባሌስትራው ተቀምጧል። ሚዛናቸውን የቀየርኩባቸው እኔ ነኝ። መቀየሩን ለማንም አልነገርኩም። ይባስ ብዬ እስኪቀመጥ ጫኑ አልኩ።

ደወልኩ፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሣም። በሦስተኛው አነሣችው። ሞተሩ ከኋላዋ ያጓራል።

"አባዬ፣ ዳገቱ ላይ ነን። ትንሽ እምቢ ብላለች። ታኮዬን ይዤ እየወረድኩ ነው፣ መልሼ እደውልልሃለሁ።"

"ሉሊት፣ እንዳትወርጂ! ከኋላዋ እንዳትሄጂ!"

ስልኩ ተዘግቷል። ጮክ ብዬ የተናገርኩት ለጋራዡ ግድግዳ ነው። መልሼ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ስልኩን ወንበሯ ላይ ጥላ እንደወረደች አውቄያለሁ፤ ለሥራ ስትወርድ ሁለት እጇን ባዶ ታደርጋለች፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

አንዱ ሠራተኛዬ እየነዳልኝ ተነሣሁ። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደቡን የሚጠብቁ ተሳቢዎች መንገዱን ዘግተውት ቆመን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የምልኬሳ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የኑዕማን ነበር። "ጋሼ፣ ይምጡ" ብቻ አለኝ። ያ ሲያስጭን ሰፈር የሚያናውጥ ሰው በሹክሹክታ ነው ያናገረኝ።

ያዩት ሰዎች የነገሩኝ ይህን ነው። ፍሬኑ መያዝ አቃተው። ምልኬሳ ፔዳሉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞበት ነበር። ሉሊት ወርዳ ታኮውን ከቦታው አስገብታዋለች፣ ከጎማው መሃል ለመሃል፣ ልክ እንዳስተማርኳት። በአሥራ ሁለት ኩንታል ቢሆን ያቆማት ነበር። መኪናዋ ታኮው ላይ ወጥታ ወረደችበት። ልጄን ይዛ እስከ ወንዙ ዳር ሄደች። ባሕር ዛፉ አልተሰነጠቀም፣ አቧራ ውስጥ ተቀብሮ አገኙት።

ምልኬሳ ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ተረፈ። በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ደረቱ ታስሮ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ "ፍሬን በጥሶባት ነው" ይላል፣ እኔም ሲሉ እሰማለሁ። ምልኬሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"አባባ፣ እንዳሉን እስኪቀመጥ ነው የጫንነው። አላሳለፍንም።"

ሊከሰኝ አይደለም። ትእዛዜን አለመጣሱን፣ ልጄን በቸልታ አለመግደሉን ሊነግረኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ብል ያን ልጅ ከስንት ሌሊት አሳርፈው ነበር። አላልኩም። "እግዜር ያውቃል" አልኩት። ፈሪ ነኝ። በልጄ ለቅሶ ላይ እንኳ አላውቅም ነበር ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ከአርባዋ በኋላ የመኪናዋን ስብርባሪ ጎትተው ጋራዤ አመጡልኝ። ጋቢናው ተጨፍልቋል፣ አካሉ ተጣሟል። ባሌስትራው ምንም አልሆነም። ጭነቱ ሲወርድለት ተመልሶ ጎብጧል፣ እንደ አዲስ።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ ገመቹ የሚባል ሰው ከመቂ መጣ። ቲማቲም ያመላልሳል፣ ያችኑ የመሰለች ፒካፕ አለችው። ምልኬሳም የመኪናዋን ሊብሬ ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ገመቹ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ችሎ! ይሽጡልኝ እባክዎ" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "በስንት ኩንታል ነው የሚቀመጠው?"

የወንዙ ዳር ሰዎች የተበተነውን ሽንኩርት ሰብስበው፣ ኬሻውን ቆጥረው ነግረውኝ ነበር።

"በሃያ ሦስት" አልኩት። "መኪናዋ የምትችለው ግን አሥራ ሁለት ነበር። አልሸጠውም።"

ምልኬሳ ከበሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።