ለቢንያም የተደፋ ዳቦ

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ድፎውን የደፉት ለግብዣ ሳይሆን ለፈተና ነው። ከልጃቸው ከሀይማኖት ጋር የተዋዋሉት በዋዜማው ነበር።

«ቢኒ ዳቦሽን ከበላ ሽማግሌ ይላክ ትያለሽ?»

«ከበላማ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ እሄድለታለሁ።»

«እማዬ ደግሞ! ቢኒ እንደሌላው አይደለም። ዲግሪ አለው እኮ።»

«ዲግሪ ጉሮሮ ይከፍታል?»

ከየካ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ያለው የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ድሮ ስሙ ሲነሣ ሰው ያማትብ ነበር። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል፤ ስለዚህ ቤቷ አይበላም፣ ፊቷም አይጎረስም። አሁን መንግሥት «ጥቃቅንና አነስተኛ» ብሎ አደራጅቷቸዋል፤ «ሞዴል አንቀሳቃሾች» የሚል ባነርም ሰጥቷቸዋል። ባነሩ ውኃ አያስገባም። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ያልተተኮሰ ሸክላ ይሸፍኑበታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሀይማኖት የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ለ«ልምድ ልውውጥ» በሚኒባስ መጡ። የሚለዋወጡት ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም መሰል፣ ጀበና እያነሡ ፎቶ ተነሡ።

«ዋው፣ ናቹራል ነው!» አለች ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ጵርስቅላ። ጭቃ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ አልገባቸውም።

ሀይማኖት «ቢኒ» የምትለው ቢንያም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ትልቁን የወጥ ድስት እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ቆሟል።

ዳቦው ወጣ። ተቆረሰ።

«እኔ እንኳን ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለች ጵርስቅላ፣ ማስቲካዋን እያኘከች።

«እኔ መሪ ስይዝ አልበላም» አለ ሾፌሩ። መኪናው ከቆመ ቆይቷል።

ሀይማኖት ደኅናውን ቁራሽ መርጣ በገዛ እጇ ለቢንያም ዘረጋችለት። ቢንያም ቁራሹን አየ፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስን አየ፤ ቶሎ ብሎ መሬት መሬት አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ጨጓራዬ ነው እንጂ…» አለና ሃይላንዱን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተጎነጨ።

ይህ ጨጓራ ሐሙስ ማታ ሲግናል ሠፈር ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የተስተናገደ ጨጓራ ነው። ሀይማኖት አብራው ነበረች።

«እማማ፣ ይሄ ድስት ግን ዶሮ ወጥ ይችላል?» አለ ቢንያም፣ ድስቱን መልሶ እያቀፈ።

«ይችላል ልጄ» አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። «ጨጓራ ላለበት ሰውማ መድኃኒት ነው።»

ሊጡንም ጭቃውንም ያቦኩት ያው እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ሊጡ ያስፈራል፤ ጭቃው አያስፈራም። ዲግሪ ያለው ሰው የሚለይበት ነገር አለው መቼም።

ሀይማኖት ድስቱን ከእቅፉ ወስዳ ቦታው መለሰችው።

«ምነው ሃይሚ?»

«አይሸጥም።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰዎቹ ተግተልትለው ገቡ፤ ቢንያም ብቻ የሚኒባሱን በር ይዞ ቀረ።

«ሃይሚ፣ አትመጪም እንዴ? ገና ሸማኔዎቹ ጋ እንሄዳለን።»

ሀይማኖት መደቡ ላይ ተቀምጣ የእሱን ቁራሽ ትገምጣለች።

«ጨጓራዬን አሞኛል» አለችው፣ አፏ እንደሞላ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቢላዋቸውን አነሡና ወፈር ያለ ሌላ ቁራሽ ቆረሱላት።